ድካምሽን መጀመሪያ ጠይቂው

ያንን የቻይና መድኃኒት ገና አትክፈቺው፣ እህቴ። ከሶዶ ያመጣችልሽ ሴትዮ ክፉ አስባ ነው አላልኩም፤ እሷም «ጉልበት ይሰጣል» ብለዋት፣ አምናበት ነው የምትሸጠው። አንቺ ግን ጠዋት ስትነሺ እንዳልተኛ ሰው ሆነሽ፣ ክፍል ውስጥ ቆመሽ ስታስተምሪ ጉልበትሽ እየከዳሽ፣ ማታ ልጁን እያጠባሽ እዚያው ቁጭ ባልሽበት እንቅልፍ እየጣለሽ ሰንብተሻል። እንዲህ የደከመው ሰው የሰጡትን ሁሉ ይውጣል። ለዚህ ነው የፈራሁልሽ።

የቻይናን ሕክምና ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። የሺህ ዓመታት ልምድ ያለው፣ የራሱ ሥርዓትና ጥንቃቄ ያለው ሕክምና ነው። የሚያሳዝነኝ ሥርዓቱ ቀርቶ ፓኬቱ ብቻ አንቺ ያለሽበት ቤሌ ድረስ መምጣቱ ነው። ሙያውን በወጉ የተማረ የቻይና ሐኪም ዘንድ ሄደሽ «ደከመኝ» ብትይው «እንኪ ይህን ዋጪ» አይልሽም። በሦስት ጣቱ የሁለቱንም እጆችሽን የደም ምት ያዳምጣል፤ ምላስሽን አውጪ ይልሽና ቀለሙን፣ ቅርጹን፣ ላዩ ላይ ያለውን ሽፋን ያያል። ከዚያ መጠየቅ ይጀምራል። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ላብ ያልብሻል? ቀን ነው ሌሊት? እጅና እግርሽ ይበርዳል ወይስ ውስጥ መዳፍሽ ይቃጠላል? ሰገራሽስ? የወር አበባሽስ? ከሥራ በኋላ ነው የሚብስብሽ ወይስ ገና ከአልጋ ሳትነሺ?

እንዲህ የሚጠይቀው ድካም በእነሱ ዘንድ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። «ቺ» የሚሉት፣ ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ያነሰው ሰው ትንፋሹ ያጥርበታል፤ ድምፁ ይሰልላል፤ ትንሽ ሲሠራ ያልበዋል፤ ከምግብ በኋላ ይከብደዋል፤ ዕረፍት ሲያገኝ ግን ይሻለዋል። ደም አንሶታል የሚሉት ይገረጣል፤ ብድግ ሲል ያዞረዋል፤ ልቡ ይመታበታል፤ እንቅልፉ ይሳሳል። ያንግ፣ የሚያሞቀው ኃይል ማለት ነው፣ ያነሰው ወገቡና እግሩ ይበርደዋል፤ ሁልጊዜ ነጠላውን ይደርባል። ዪን፣ የሚያረጥበውና የሚያቀዘቅዘው ወገን ያነሰው ደግሞ ሌሊት በላብ ይጠመቃል፤ አፉ ይደርቃል። እርጥበት የተጫነው አለ፤ ራሱና እግሩ እርጥብ ጋቢ የተጠመጠመበት ያህል ይከብደዋል። በመጨረሻ ኃይሉ ሳያንስ የታፈነበት አለ፤ ያዘነ፣ የተቆጣ፣ ብሶቱን የዋጠ ሰው። እሱን ዕረፍት አያሳርፈውም፤ ወጣ ብሎ ሲንቀሳቀስና ከሰው ጋር ሲጫወት ነው የሚቀለው።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ አንድ ነገር እንድታዪ ብዬ ነው። ለአንዱ የሚሰጠው ሥር ለሌላው ጉዳት ነው። ጂንሰንግን ውሰጂ፤ እነሱ ራሳቸው የሚያሞቅ ሥር ነው ይላሉ፤ ሌሊት እያላበውና እየተቃጠለ ለሚያድር ሰው በዘፈቀደ አይሰጡትም። እንግዲህ ሳይጠይቁ፣ ምላስ ሳያዩ፣ ለአስተማሪዋም ለሹፌሩም ለሽማግሌውም አንድ ዓይነት ፓኬት መስጠት በቻይና ሕክምና በራሱ ሚዛን እንኳ ስህተት ነው።

ስለዚህ ከእነሱ ጥያቄውን እንውሰድ። መልሱን ግን ከደምሽ ነው የምንፈልገው። አደራ የምልሽም እዚህ ላይ ነው። የቻይና ሐኪም «ደም አንሶሻል» ሲል በላብራቶሪ የተቆጠረውን ማለቱ አይደለም፤ ምልክቶችሽን ሰብስቦ የሰጠው የራሱ መደብ ነው። በጤና ጣቢያ «ደም ማነስ» ሲሉሽ ግን ሄሞግሎቢን የሚባለው ተለክቶ ነው፤ ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ከ12 በታች ሲሆን። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከአራቱ አንዷ ገደማ ደም ማነስ ነበረባት። አንቺ ወልደሻል፣ ታጠቢያለሽ፣ ቆላ ትኖሪያለሽ፤ ያቺ አንዷ አለመሆንሽን ሳናውቅ ስለ ጂንሰንግ ማውራት አያስፈልገንም።

ሌሊት ሌሊት ማላብ ካለ፣ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈና ልብስሽ ከሰፋሽ፣ የአክታ ምርመራ ነው የሚያስፈልግሽ፤ ቲቢ በጉልበት ሻይ አይድንም። ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ሆድሽ ከደረቀ፣ አንገትሽ ሥር እብጠት ካለ ታይሮይድሽ ይታይ። ውኃ ጥም ከበዛብሽና ሌሊት ለሽንት ከተመላለስሽ ስኳርሽን ተለኪ። አዲስ እርግዝና ቢሆንስ? እያጠቡም ይረገዛል። በባዶ እግር ጓሮ ለሚወጣ ሰው ደግሞ መንጠቆ ትል አለ፤ በእግር ቆዳ ይገባና አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ሰገራ መስጠት አትፈሪ።

ከሁሉ በፊት ግን ወባ። ቤሌ የተወለደች ሴት ወባን ከእኔ መማር አያስፈልጋትም፤ ብቻ ሁልጊዜ የሚያንቀጠቅጥ እንዳይመስልሽ። ደጋግሞ በያዘው ሰው ላይ ትኩሳቱ ቀለል ብሎ፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት መስሎ፣ ከዚያ ባዶ ድካም ብቻ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሳይደርስ በኢትዮጵያ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዟል። ጣትሽን ተወግተሽ ሩብ ሰዓት ብትጠብቂ ይታወቃል።

አሁን የምነግርሽን ልብ በይ። በሽታሽ ወባ ሆኖ ከተገኘ የምትቀበዪው ክኒን፣ ኮአርተም፣ ሥሩ የቻይና ሕክምና ነው። እንዲያውም የቻይና ሕክምና ለዓለም ከሰጠው ሁሉ እንደሱ የተመሰከረለት የለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ግንቦት 23 ቀን ቻይናዎች በወባ ላይ ምስጢራዊ ምርምር ጀመሩ፤ በቀኑ ምክንያት ፕሮጀክት 523 ተባለ። ቱ ዩዩ የምትባል ተመራማሪ ቡድን ይዛ የድሮ የሕክምና መጻሕፍትን አገላበጠች። «ቺንግሃዎ» የሚሉት ቅጠል ወባን እንደሚነካ ታወቀ፤ ነገር ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ከ1,600 ዓመት በፊት የኖረው ጌ ሆንግ የጻፈውን ስታነብ ግን አንድ ነገር ታያት። እሱ ቅጠሉን አላፈላም፤ ውኃ ውስጥ ነክሮ ጨምቆ ነው ያጠጣው። ሙቀቱ ይሆን እንዴ የሚያበላሸው ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር አወጣችው። በ1971 191ኛው ናሙና በእንስሳት ላይ የወባውን ጥገኛ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ለበሽተኛ ከመስጠታቸው በፊት እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ወሰዱት። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ኢትዮጵያም የቀድሞው የወባ መድኃኒት ፋንሲዳር አልሠራ ሲል ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮአርተምን ለዋነኛው የወባ ዓይነት ሕክምና አደረገችው።

ስለዚህ የቻይና መድኃኒት ከፈለግሽ ጤና ጣቢያው ቁም ሳጥን ውስጥ ተለክቶ፣ ተመርምሮ ተቀምጦልሻል። ለዐዋቂ ሰው አራት አራት ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን፣ በድምሩ 24 ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሁን፤ በወተት፣ በአቮካዶ ወይም ቅቤ በገባበት ነገር፤ ያለ ቅባት ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። በሁለተኛው ቀን ሲሻልሽ የቀረውን ለልጅ ወይም ለጎረቤት ብለሽ አታስቀምጪ። ቪቫክስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሕክምናው ሌላ ነው፤ እሱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። «ወባዬ ተመላለሰብኝ» የሚሉት ብዙዎች ይህ ነው የሚያታልላቸው። ስለዚህ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቂና በካርድሽ ላይ ይጻፍልሽ።

ቅጠሉንም በቤት አፍልተው የሚጠጡ አሉ፤ አርጤሚሲያው ወደ አገራችንም ገብቷል። ይህን አታድርጊ። በአንድ ስኒ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ያነሰ መድኃኒት ወባውን ሳይገድል ያለማምደዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ቱ ዩዩ ያን ሁሉ ዓመት የደከመችው ቅጠሉን ልክ ያለው መድኃኒት ለማድረግ ነበር እኮ።

ስለ ጣፊያም አንድ ነገር ላክልልሽ። በቻይና ሕክምና ጣፊያ ትልቅ ቦታ አለው፤ የበላነውን ወደ ጉልበት የሚለውጥ እሱ ነው፣ ጭንቀትና ሐሳብ ይጎዳዋል ይላሉ። እሱ የእነሱ አስተሳሰብ ነው። የእኛ ቆላ ሰው ደግሞ ጣፊያን በሌላ መንገድ ያውቀዋል፤ ወባ ሲደጋገም በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ያብጣል። ግራ ጎንሽ የሚከብድሽና ትንሽ በልተሽ የምትጠግቢ ከሆነ ለሐኪም አሳዪ። ሆድሽን ግን ለማንም እንዳታሳሺ፤ ያበጠ ጣፊያ በመታሸት ሊፈነዳ ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል።

ወባው ከታከመ በኋላም ድካሙ ወዲያው አይለቅም። ወባው የፈጀውን ደም ሰውነት እስኪተካ ሳምንታት ይፈጃል። ሄሞግሎቢንሽ ዝቅ ካለ አይረን ይሰጡሻል። ሰገራሽ ይጠቁራል፤ አትደንግጪ። ደምሽ ከተስተካከለ በኋላም ሦስት ወር ያህል መውሰዱ ነው የተፈለገው፤ የጎደለው ማከማቻ የሚሞላው ያኔ ነው።

ምግቡ ላይ ከቻይናዎቹ የምወድላቸው ነገር አለ። የደከመ ሰው የበሰለ፣ የሞቀ፣ ለሆድ የማይከብድ ነገር በሰዓቱ ይብላ ይላሉ፤ ሩዙን እንደ ገንፎ አቅጥነው፣ ዝንጅብል ጣል አድርገው ይሰጡታል። አንቺ ጠዋት በባዶ ሆድሽ የቡና ቅጠሉን ሃይታ ቱኬ ጠጥተሽ እስከ ቀትር ታስተምሪያለሽ። ይህ ይቅር። የበቆሎ ገንፎም ይሁን የተቀቀለ ጎደሬ፣ የሆነ የሞቀ ነገር ቅመሺ። ቆጮና ስኳር ድንች ያጠግባሉ፤ ደም የሚሆነው ነገር ግን ትንሽ ነው ያላቸው። ስለዚህ ቦሎቄ፣ ጎመን፣ የሽፈራው ቅጠል አይጥፋ፤ ከጓሮ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ላዩ ላይ ሎሚ ጨመቅ ካደረግሽበት ወይም ቲማቲም ካስገባሽበት በውስጡ ያለው ብረት ለሰውነት ይቀላል። ቡናና ሻይ ግን፣ ሃይታ ቱኬውም ጭምር፣ ከምግብ ጋር ብረቱን ያስቀሩታል። ተዪ አላልኩሽም፤ ከምግብም ከአይረኑም አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ሥጋ ስታገኚ ደግሞ፣ የወላይታ ልጅ ሆኜ ይህን ማለቴ ይከብዳል፣ ለጊዜው ጥሬውን ትተሽ አብስለሽ ብዪ። ከሥጋ የሚገኘው ብረት ከቅጠሉ ይልቅ ይዋሃዳል፤ ግን ኮሶ ይዘሽ ደግሞ ሌላ ዙር እንዳትጀምሪ።

ስለ ፓኬቱ የምፈራውን አሁን በግልጽ ልንገርሽ። «በሦስት ቀን ውስጥ ተነሳሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ዋሾ አይደሉም። ከዕፅዋት ብቻ የተሠሩ ናቸው ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ውስጥ ዴክሳሜታሶንና የመሳሰሉት ስቴሮይዶች ሳይጻፍባቸው ተደባልቀው በተለያዩ አገሮች በምርመራ ተገኝተዋል። ስቴሮይድ ሰውን ያነቃዋል፤ የምግብ ፍላጎቱን ይከፍታል፤ ሕመሙን ያስታግሳል። ቆየት ሲል ፊት ያብጣል፤ ስኳርና ደም ግፊት ይወጣል፤ የተደበቀ ቲቢ ካለ ይስፋፋል። ድንገት ሲያቆሙት ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ድካም ይጥላል፤ ያኔ ሰው «ስተወው ነው የደከመኝ» ብሎ እንደገና ይገዛል። ንጹሕ ዕፅ ቢሆንም ንጹሕ ስለሆነ ብቻ አይጎዳም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ለመክሳት ብለው የቻይና ዕፅ የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሽቷል፤ አሪስቶሎኪያ የሚባል ሥር በስህተት ገብቶ ነበር። ብዙ የጉልበት ቅመሞች ውስጥ የሚገባው ሊኮሪስ እንኳ ሲበዛና ሲቆይ ደም ግፊት ይጨምራል። በላዩ የተጻፈውን የማታነቢው፣ ወደ ጡትሽ ወተት ማለፍ አለማለፉን ማንም የማይነግርሽን ነገር ለራስሽ ብትደፍሪ እንኳ ለልጁ አትድፈሪ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ፓኬቱን ያዢው፤ የወሰድሽው ካለም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

ከቻይናዎቹ ያለ ሥጋት የምሰጥሽ ግን አለኝ። ተቀምጠሽ ጉልበትሽን እጠፊ፤ ከጉልበትሽ ሎሚ በታች አራት ጣት ለኪና፣ ከቅልጥምሽ አጥንት ወደ ውጭ አንድ ጣት ያህል ሂጂ። ስትጫኚው ደስ የማይል፣ የሚጠልቅ ሕመም የሚሰማሽ ቦታ አለ። ዙሳንሊ ይሉታል፤ ለሆድና ለድካም ብለው ከጥንት የሚነኩት ነጥብ ነው። ማታ ማታ በአውራ ጣትሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ በየእግርሽ ተጫኚው፤ በረጅሙ እየተነፈስሽ። በአሜሪካ ሚሺጋን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ነበር፤ የጡት ካንሰር ሕክምና ጨርሰው ድካሙ ያልለቀቃቸው ሴቶች እንዲህ ያሉ ነጥቦችን በገዛ ጣታቸው ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ሲጫኑ ድካማቸው ቀነሰ። ወባን ወይም ደም ማነስን ያድናል ማለት አይደለም። ግን ቀኑን ሙሉ ለሰው የኖረች ሴት ስድስት ደቂቃ ለራሷ መቀመጧ በራሱ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ካረገዝሽ ብቻ ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ያለውንና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ነጥብ አትንኪ፤ እነሱ ራሳቸው ይከለክላሉ።

የቻይናዎቹን መርፌ ከፈለግሽ አዲስ አበባ ነይ። አቃቂ ቃሊቲ ያለው፣ ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ባገኘችው ድርብ ወርቅ ስሟን የያዘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች አሉበት፤ አኩፓንክቸርም ይሰጣሉ። የቻይና የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ከሄናን ክፍለ ሀገር ነው የሚላኩት። እዚያ መርፌው አዲስ ተከፍቶ፣ አንዴ ተወግቶ የሚጣል ነው። በየቤቱ እየዞረ እወጋለሁ የሚልሽን ግን ገላሽን እንዳታሳዪው፤ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ በመርፌም ይተላለፋሉ።

አሁን ደግሞ ምንም ምርመራ የማያወጣውን ልበል። ወባም የለ፣ ደምሽም ሙሉ፣ ሰገራሽም ንጹሕ ቢሆንስ? ያኔ የቻይናዎቹን የመጨረሻ ጥያቄ አስታውሺ፤ የዋጥሽው ነገር አለ ወይ? ሐዘንሽን፣ ንዴትሽን ማለቴ ነው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ደስታ የራቀሽ፣ ሳይርብሽ የምትበዪ፣ የሚያስለቅስ ነገር ሳይኖር የሚያስለቅስሽ ከሆነ እሱም በሽታ ነው፤ በሶዶ ሆስፒታል የሚያክሙት አሉ፤ አፍረሽ አትተዪው። ካልሆነም ቀንሽን ራሱን ቁጠሪው። ሌሊት ሁለቴ ለጡት ትነሺያለሽ፤ ሳይነጋ ውኃ ትቀጃለሽ፤ ታስተምሪያለሽ፤ ማታ ደብተር ታርሚያለሽ፤ ቅዳሜ አማትሽ ዘንድ ወርደሽ እንሰት ትፍቂያለሽ። ይህን የሚሸከም ሥር በቻይናም በወላይታም አልበቀለም። ጀሪካኑን ባልሽ ያምጣ፤ ጎረምሳ እያለ ለእናቱ ይቀዳ የነበረ ሰው ነው። ልጁ ሲተኛ አብረሽ ተኚ፤ ደብተሩ ይደር። አማትሽንም ደምሽ እስኪሞላ እንሰቱን ሌላ ሰው ይፋቅልኝ በያቸው። ካፈርሽ ተዪው፣ እኔው ደውዬ እነግራቸዋለሁ።